የእድሩ ጥሪና የአያ ደምሴ ገብስ

ይህን ወሬ መጀመሪያ ያቀበለችኝ አስካለ ናት። አስካለ ማለት ከአጥሬ በታች ያለችው፣ ስድስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ያላት ጎረቤቴ። ግማሹን እሷ ነገረችኝ። ግማሹን በአጥሬ ቀዳዳ አየሁት። የቀረውን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔው ራሴ አባባስኩት። እሱን ቦታው ሲደርስ አወራዋለሁ፤ ወሬ አይቸኮልበትም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አልዘለቅኩም። ታዲያ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍላችሁ ነው። አትሳቁ። ነገሩ ከኮምፒውተር ይልቅ የጓዳ ነገር ይመስላል።

አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ተኝቼ ምራቴ ልትረዳኝ መጣች። ደግ ሴት ናት፣ እጇ ፈጣን ነው። ጓዳ ገባች፤ የዘይት ጠርሙስ አነሳች፤ ምስር ወጡ ላይ ገለበጠችው። ላምባ ነበር። ላምባ ከዘይት ጠርሙስ ውስጥ ምን ይሠራል አትሉም? እኔ አስቀመጥኩት። እኔማ አውቀዋለሁ፤ በስተግራ ያለው ላምባ ነው፣ በስተቀኝ ያለው ዘይት። ከሃያ ዓመት በላይ ተሳስቼ አላውቅም። እሷ ግን የእኔን ግራና ቀኝ በምን ታውቃለች? ያን ቀን ምራቴን ተቆጣኋት። ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ የማውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኛል።

የአስካለ ልጅ ሰናይት ደሴ ከተማ ሄዳ ኮምፒውተር ተምራ የመጣች ናት። እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ መለስ ሲል፣ የእናቷ ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ጀመር። አንዱ ክፍል አለ ወይ ይላል፣ አንዱ ሙቅ ውሃ፣ አንዱ በቅሎ። አስካለ በመልስ ብዛት ልትታመም ደረሰች። ሰናይት ታዲያ አንድ ወኪል አበጀችላት። ሰው አይደለም፤ ኤአይ ነው። የተጻፈለትን ያነባል፣ በድምፅ የተላከለትን ይሰማል፣ በትሕትና ይመልሳል።

እንዴት እንደሚሠራ ሰናይት ስትነግረኝ እንዲህ ነው የገባኝ። ወኪሉ ማሰብ ያውቃል፣ እጅ ግን የለውም። እጁ እሷ የምትሰጠው መሣሪያ ነው። አንዱ መሣሪያ ክፍል ይይዛል፤ ሌላው ለባለበቅሎ መልእክት ይልካል። በየመሣሪያው ላይ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይቀመጥለታል። ወኪሉ የመሣሪያውን ሆድ ከፍቶ አያይም። ያችን ጽሑፍ አንብቦ፣ ይሄ ይሆነኛል ብሎ ያነሳል። ይኸው ነው። እኔም ወዲያው ምራቴ ትዝ አለችኝ።

አሁን ወደ እድሩ ልሂድ። እድራችን ድሮ በጥሩንባ ነበር የሚጠራው። ጥሩንባ ነፊው ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ወደ እገሌ ቤት» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ሰው ሞተ አይልም፤ ማን እንደሞተም አይልም። ቤተ ዘመድ መርዶውን በጥሩንባ እንዴት ይሰማል? ነውር ነው። የሰማው ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ለምን ተጠራሁ ብሎ የጠየቀ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ጥሩንባ ነፊው አርጅቶ ትንፋሽ አጠረው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አበጀ ሰናይትን ጠርተው፣ ልጄ፣ ይሄን ነገር በስልክ አድርጊልን፣ ግን እንደ ጥሩንባው ይሁን፣ አንድ ቃል እንዳትጨምሪበት አሏት። እሺ አለች። ለብቻው ሌላ ከማበጀት ብላ፣ እዚያው የእናቷ ወኪል ላይ አንድ መሣሪያ ጨመረች። ከላዩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አባላትን ወደ አንድ ቤት ይጠራል።» በቃ። ይችው ናት።

ማን ይፈርድባታል? እዚህ ላስታ ተወልዶ የእድር ጥሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

አያ ደምሴ ደግሞ ከአጥሬ በላይ ነው። ባለበቅሎ ነው። ሚስቱ ብርቄ ትባላለች። ያን ቀን ጧት ሁለቱ ሲነታረኩ ሰማሁ። ጆሮዬን ጥዬ አይደለም፤ አጥራችን አንድ ነው። ገብሱ ደርሶ እየረገፈ ነው፤ ሰማዩ በኅዳር መጥቆር ጀምሯል፤ እሱ ግን እንግዳ ጭኖ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሊሄድ በቅሎ ይለጉማል። ብርቄ፣ እህሉ ሜዳ ላይ ሲያልቅ እንግዲህ በቅሎህ ታብላህ አለችው። እሱም መለጎሙን ቀጠለ። ብርቄ ባሏ ሲወጣ በሩ ድረስ ሸኝታ «በሰላም ግባ» ሳትል ቀርታ አታውቅም። ያን ቀን ጀርባዋን ሰጠችው። በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ።

አያ ደምሴ መንገድ ላይ የሚስቱ ነገር ከነከነው። እውነቷን ነው፣ ገብሱ ሰው ይፈልጋል። ስልኩን አወጣና ወደ አስካለ ማረፊያ በድምፅ መልእክት ላከ። እሱ እዚያ ስልክ ውስጥ ያለውን አዲስ አበባ የተቀመጠ ትሑት ጸሐፊ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። «ጸሐፊው፣ እንደምን አደርክ። ለነገ ገብሴን የሚያጭድልኝ ጅጌ ያስፈልገኛል። እባክህ ሰዎቹን ወደ ቤቴ ጥራልኝ» አለው። ጅጌ እንግዲህ ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ላንተ። ይህን ልኮ የስልኩ ባትሪ አለቀ። የአያ ደምሴ ስልክ ባትሪው ያላለቀበትን ቀን እስቲ አሳዩኝ።

ወኪሉ ምን ያድርግ? መሣሪያዎቹን አየ። ጅጌ የሚል የለም። «አባላትን ወደ አንድ ቤት ይጠራል» የሚል አለ። አነሳውና ላከ።

አራት ሰዓት ላይ ነው። የሽሮ እህል ደጅ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። «የእድራችን አባላት ወደ አቶ ደምሴ ቤት ተጠርታችኋል» ይላል። ጧት አይቼዋለሁ እኮ፤ በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ እኔ ያባባስኩት እዚህ ላይ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣ የመጀመሪያዋ ጎረቤት ምን ሆኖ ነው ብትለኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጧት ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ በቅሎዋም ተራጋጭ ናት አልኩ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ቦኖ ውሃው ጋ ስደርስ በቅሎዋ ደረቱን መትታዋለች። ገበያው ጋ ሲደርስ ወሬው ሰውዬውን ከነበቅሎው ገደል ከቶታል። ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪበት ይባል የለ? እኔ መላ ጨመርኩ፤ ሌሎቹ ገደል ጨመሩበት።

ብርቄ ስልክ የላትም። ቤቱ ያለው አንድ ስልክ ነው፣ እሱም ከባሏ ጋር ሄዷል። ደጇ ተቀምጣ ማጭድ ትስላለች። ብቻዋንም ቢሆን ገብሱን ልትጀምር። ሁለት ሰዎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው መጡና ከግድግዳው አስደገፉ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ አቀረቀሩ። እኛ ሴቶቹ ገብተን ተቀመጥን። ምነው አለችን። ተይ እስቲ ተቀመጪ አልናት። ቤተ ዘመድ መጥቶ ያርዳት ብለን ነው ዝም ያልነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን የእኛ ዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አየሁ። ብርቄ ማጭዱን መሬት አስቀምጣ አንድ ባንድ ታየን ጀመር። ማንም ምንም ሳይነግራት ገባት።

አንድ ሰው እንኳ ማን ነገረህ ብሎ አልጠየቀም። እኔ ጋሽ አበጀ ያውቃሉ ብዬ። ጋሽ አበጀ ደግሞ ሰናይትን ከብርቄ ቤት ያለ ሰው ነግሯት ነው ብለው። ሰናይት ደግሞ እንግዶች ይዛ ቤተ መድኃኔ ዓለም ገብታለች፤ ስልኳን አጥፍታ ጫማዋን አውልቃ። አራት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ወደ ነአኩቶ ለአብ ወረዱ፣ ሬሳ ሊያመጡ።

ለቅሶ ብዙ አይቻለሁ። ሙሾ የሚያወጣ አይጠፋም፤ ጀግናዬ፣ ዋርካዬ የሚል አለ። ብርቄ ግን ደረቷን አልደቃች፣ ግጥም አልገጠመች። መሬት ቁጭ ብላ «በሰላም ግባ ሳልለው» አለች። ደግማ «በሰላም ግባ ሳልለው» አለች። እስከ ስምንት ሰዓት ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ ሰው ሲያለቅስ ማን አለቀሰ ማን አስመሰለ ብዬ የማይ ክፉ ሴት ነኝ። ያን ቀን ማንንም ማየት አቃተኝ።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ በቤቱ ጀርባ ኮቴ ተሰማ። አያ ደምሴ በአቋራጩ ወጥቶ፣ በቅሎውን እየሳበ ከች አለ። ቃሬዛ ይዘው የወረዱት በዋናው መንገድ ስለሄዱ ተላለፉ። ቆመና ግቢ ሙሉ ሰው አየ። ድንኳን አየ። ፊቱ በደስታ በራ።

«አይ ወገን» አለ፣ «እኔ ለነገ ነበር ያልኩት። በአንድ ቀን ቀድማችሁ መጣችሁልኝ?»

አንዲት አሮጊት አማተቡ። እሱ እጃችንን ቃኘና ግራ ገባው።

«ማጭዳችሁስ?» አለ።

ብርቄ ተነሳች። ሰው ገለል አለላት። ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ኮሌታውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ልትመታው ነው ወይስ ልትስመው ስንል፣ «በሰላም ግባ» አለችው።

«ገብቻለሁ እኮ» አላት።

«ግዴለህም፣ በሰላም ግባ።»

ከዚያ የሆነውን ምን ልበላችሁ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አሁን ነው ያለቀሰው። እኔ ሁለቱንም። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ወፍጮ የተነሳልኝ ያህል ነው። ጋሽ አበጀ ሰማዩን አዩ፤ ጠቁሯል። ሰው ከተሰበሰበ ወዲያ ባዶ እጁን አይበተንም፣ ሂዱ ማጭድ አምጡ አሉ። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሁሉ መልሶ እያገለደመ ገብሱ ውስጥ ገባ። ለለቅሶ የተቀቀለውን ንፍሮ አዝመራው ዳር በላነው። ፀሐይ ሳትገባ ታጭዶ አለቀ። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ የእድሩን ድንኳን ነቅለን ነዶው ላይ አለበስነው። ያ ድንኳን ከተሰፋ ወዲህ ደስ የሚል ነገር ላይ ሲዘረጋ የመጀመሪያው መሰለኝ።

በማግስቱ እነ ጋሽ አበጀ አስካለ ግቢ ተሰበሰቡ። ይህን የነገረችኝ አስካለ ናት፤ እኔ አልተጠራሁም። ሽማግሌዎቹ ማሽኑ ይውጣ አሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነገር ለእድር አይሆንም አሉ። ሰናይት ታዲያ ወኪሉ ያን ቀን ያሰበው ተመዝግቦ ነበርና ከፍታ አነበበችላቸው። «ሰውየው ሰዎች ወደ ቤቱ እንዲጠሩለት ጠይቀዋል። አባላትን ወደ አንድ ቤት የሚጠራ መሣሪያ አለ። ይህ ይስማማል።» ጋሽ አበጀ ድገሚው አሏት። ደገመችው። እንደገና አሰቡና፣ ይሄማ ምን አጠፋ፣ የእኛን አገር ወግ የማያውቅ ሰው ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያነሳ፣ ጽሑፉን የጻፈው ማነው አሉ። ሰናይት አለቀሰች። ይህን የማያውቅ ማን አለ ብዬ ነው አለች። አያ ደምሴም ከጥግ ሆኖ፣ እኔ ሞቼም አልተቀየምኩ፣ ልጅቷን ተዉአት፣ ገብሴ ገብቷል አለ። ሽማግሌዎቹ አንድ ሳምንት ሰጧት። ካስተካከለች ይቆያል፤ ካላስተካከለች ጥሩንባው ይመለሳል።

ሰናይት ቀጥታ እኔ ቤት መጣች። እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎ አንድ ነገር ሲያወሩ ምንም አያስቀሩም፣ እባክዎ አብረን እንጻፈው አለችኝ። ሙገሳ ነው ብዬ ወሰድኩት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እኔ መቼም በዝምታ የቀረብኝ ሹመት የለም።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። እሷ መሣሪያውን ትነግረኛለች፤ እኔ ትናንት ከሩቅ አገር እንደመጣሁ ሙሽራ እጠይቃታለሁ። ይሄ ምን ያደርጋል? መቼ ነው የሚነሳ? መቼ ነው እጅ የማይነካው? ካነሱት በኋላ ሰው ምን ይሆናል? ተሳስቼ ብልክ ይመለስልኛል? ማንን ላስፈቅድ? እሷ በየጥያቄው፣ ውይ ይሄንንማ አልጻፍኩትም እያለች ትጨምራለች። የእድሩ ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«ይህ የሞት ጥሪ ነው። ሰው ሲሞት ብቻ፣ ያውም የእድሩ ዳኛ በራሳቸው ስልክ ሲያዝዙ ብቻ ይላካል። ለጅጌ፣ ለስብሰባ፣ ለሠርግ፣ ለጠፋ ከብት አይላክም። መልእክቱ ምክንያቱን አይናገርም፤ ስለዚህ የደረሰው ሁሉ በዚያ ቤት ሰው ሞቷል ብሎ ያለቅሳል። አንዴ ከሄደ አይመለስም። ከተጠራጠርክ አትላክ፤ ሰናይትን ጠይቅ።»

ለጅጌም ሌላ መሣሪያ አበጀችለት። ቀኑን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ አይልክም። ማጭድ የሚለውን ቃል እኔ ነኝ ያስገባሁት።

ጥሩ ጥሩውን ብቻ ካወራሁማ ውሸታም ነኝ። የበቅሎው መሣሪያ ላይ እጄ በዛ። በቅሎዋ ከኋላ ሲጠጓት እንደማትወድ አስጻፍኩ፤ ይህ ደግ ነው፣ ሰው ያድናል። ከዚያ ባለበቅሎው ከሚስቱ ጋር የሚነታረከው ጧት ጧት እንደሆነም አስጻፍኩ። ይጠቅማል ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እንግዳ በማለዳ በቅሎ ቢጠይቁ፣ ወኪሉ በዚያ ትሕትናው፣ በቅሎ አለ፣ ነገር ግን አያ ደምሴ በዚያ ሰዓት ከሚስታቸው ጋር ስለሚነታረኩ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል አላቸው። ሴትዮዋ በቅሎዋ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ይህን እየነገሩት ሳቁ። አያ ደምሴ ሞቶ ያልተቀየመው ሰውዬ በዚህ ተቀየመኝ። በደጄ ሲያልፍ በቅሎዋ ታየኛለች፣ እሱ አያየኝም።

ሰናይት ያን ዓረፍተ ነገር አወጣችው። ለሥራው የሚያስፈልገው ብቻ ይግባ እትዬ አለችኝ። የሚያስፈልገውን በምን አውቃለሁ አልኳት። ይሄ ባይጻፍ ወኪሉ ይሳሳታል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ የማይሳሳት ከሆነ ይተዉት አለችኝ። በዚህ ሚዛንማ ከእኔ ወሬ ምን ይተርፋል?

ሳምንቱ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አሁን እኔም ተጠርቻለሁ። አያ ደምሴ ስልኩን ከአስካለ ቤት ሞልቶ፣ በዚያችው ቃሉ፣ «ጸሐፊው፣ ለሐሙስ ገብሴን የሚወቃልኝ ሰው ወደ ቤቴ ጥራልኝ» ብሎ ላከ። ብርቄ አጠገቡ ቆማ እጅጌውን ይዛዋለች፤ የሚሞት ከሆነ እንዳያመልጣት። ሰናይት ዓይኗን ጨፍናለች። ስልኩ ጮኸ። ጋሽ አበጀ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«አያ ደምሴ፣ ለሐሙስ የውቂያ ጅጌ ልጥራልዎ? ሰው በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ ይምጣ? የእድር ጥሪ ለሞት ብቻ ስለሆነ እሱን አልነካሁም።»

ግቢው ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ። አያ ደምሴ፣ እኔም ደህና ነኝ በሉት አለ። ጋሽ አበጀ መነጽራቸውን አወለቁና፣ ይቆይ አሉ። ሰናይት ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ እያለቀሰች ነበር።

አያ ደምሴ አለ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ብርቄ አሁን ጧት መጀመሪያ «በሰላም ግባ» ትለዋለች፣ ከዚያ ትነታረከዋለች። በቅሎዋ ትራገጣለች። ቃሬዛ ይዘው የወረዱት አራቱ ሰዎች ሬሳ ቢያጡ ጠበል ጠጥተው ተመለሱ። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። ከሙጃ ከተማ የእድር ሰዎች መጥተው ሰናይትን ለእኛም አብጂልን አሏት፤ አበጀችላቸው።

እኔም አለሁ። ትናንት አስካለ ስልኩን ከፍታ የእድሩን መሣሪያ አዲስ ጽሑፍ አነበበችልኝ። አንድ ቃል ሳይጎድል ያው ነው። ከሥሩ ግን አንዲት መስመር ተጨምራለች፦ «ወሬውን ያመጡት እትዬ ዘርፌ ከሆኑ፣ ሌላ ሁለት ሰው ጠይቅ።»

ይሄ ባይጻፍ ወኪሉ ይሳሳታል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ይሳሳታል። ተውኩት።